ጉንጩ ያልለካው ነፋስ

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ቁጭ በሉ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣችለት እናቱ ናት፤ ያውም ሳታስበው። ዳዴ ማለት ከጀመረ አንስቶ ከጠዋት እስከ ማታ «ቁጭ በል! ቁጭ በል አልኩህ እኮ!» ስትለው ጎረቤት ሰማ፣ የጎረቤት ልጆችም ሰሙ፤ በመጨረሻ እውነተኛ ስሙ መታወቂያው ላይ ብቻ ቀረ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የዚህን ሰው ስም ያወጣው መልአክ ግን ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ቁጭ በሉ በሕይወቱ ቁጭ ብሎ አያውቅምና። ሻይ የሚጠጣው ቆሞ ነው። ጋዜጣ የሚያነበው እየተንጎራደደ ነው። ፀጉር አስተካካዩ በአንድ እጁ አናቱን ጨምድዶ ይዞ በሌላው ስለሚቆርጠው፣ አንደኛው ጎኑ ሁልጊዜ ከሌላው ረዘም ይላል። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ ሚስቱ ወንበሯ ላይ ጥርት ብላ ስትታይ፣ ከጎኗ ያለው የተደበዘዘ ነገር እሱ ነው። «ባሌን ማየት ከፈለጋችሁ እሱን ጭጋግ እዩት» ትላለች ለእንግዳ።

ሥራው ቬንቲሌተር መጠገን ነው። ሱቁ ከአውራ መንገዱ ዳር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ከጣሪያው የተንጠለጠለው ቬንቲሌተር፣ መሬት ላይ የተደረደረው ቬንቲሌተር፤ ግማሹ ይዞራል፣ ግማሹ ያቃስታል፣ ባለቤቱ የረሳው ደግሞ አቧራ ለብሶ ይጠብቃል። የተቃጠለ ሞተር ይጠቀልላል፣ የላላውን ያጠብቃል፣ የተጣመመ ክንፍ ያቃናል። የነፋስ መለኪያ መሣሪያ የለውም፤ ጉንጩ አለለት። ጠግኖ ሲጨርስ ቬንቲሌተሩን ያስነሣና ፊቱን ወደ ጎን መልሶ ግራ ጉንጩን ይሰጠዋል፤ ዓይኑንም ይጨፍናል። እግሩ ፀጥ የሚለው ያኔ ብቻ ነው። «ደክሟል» ካለ ክንፎቹን በፒንሳ ትንሽ ትንሽ ጠምዘዝ ያደርግና እንደገና ጉንጩን ይሰጣል። «አሁን ነፈሰ!» ካለ ነገሩ አለቀ፤ ደንበኛው ዕቃውን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ቤቱም ይቀዘቅዛል። ያ ጉንጭ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አሳፍሮት አያውቅም። ቀጥሎ ለሚመጣው ጣጣ ሁሉ መነሻም እሱ ነው።

ሱቅ ውስጥ የያዘውን ይጨርሳል፤ ባለቤቱ እላዩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀው ምን ምርጫ አለው? ቤቱ ግን ሌላ ነው። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለውን ተረት ሰምቶት የሚያውቅ አይመስልም። የሳሎኑ ግድግዳ እስከ ሰው ቁመት ድረስ ቢጫ ነው፤ ከዚያ በላይ የድሮው አረንጓዴ። የማዕድ ቤቱ መደርደሪያ በሦስት እግርና በአንድ ጡብ ቆሟል። የሴት ልጁ መኝታ ክፍል በር ደግሞ እጀታ የለውም። አሮጌውን «እቀይረዋለሁ» ብሎ ነቀለው፣ አዲሱን ገዛ፣ ከዚያ ሰው ጠራው፤ ተመልሶ ሲመጣ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር፣ እጀታውም የት እንደገባ ጠፋ። ልጅቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሯን የምትከፍተው በማንኪያ ነው፤ ጭራውን ቀዳዳው ውስጥ ታስገባና ትጠመዝዘዋለች። ማንኪያው በሩ አጠገብ ካለች ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። እናትየው ለጠየቃት ሁሉ «የባለቤቴ ፈጠራ ነው፤ ሌላ ቤት ገና አልገባም» ትላለች።

ካልተጨረሱት ነገሮች ሁሉ ታላቁ ግን ቁም ሣጥኑ ላይ የተቀመጠው ትንሽ አውሮፕላን ነበር። ልጅቱ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ቬንቲሌተር ስታይ ቆየችና፣

«አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ነፋስ ይዞ ለምንድን ነው የማይበረው?» አለችው።

«ተቸንክሮ ነዋ።»

«ባይቸነከርስ?»

ቁጭ በሉ የያዘውን ፒንሳ አስቀመጠ። «ያልተቸነከረ እሠራልሻለሁ» አላት። ከልቡ ነበር። እሱ የሚናገረው ሁሉ ከልቡ ነው፤ ችግሩ ልቡም እንደ እግሩ መሆኑ ነው። አንድ ዓመት ክንፉን በቀላል እንጨትና በስስ ወረቀት ሠራ፤ ሌላ ዓመት ጭራውን። ከልባሽ ዕቃ ሻጭ አውራ ጣት የምታህል ሞተር አገኘና ደስ ብሎት ለሰው ሁሉ እያሳየ በኪሱ ይዟት ከረመ። ከዚያ ተወው። ልጅቱ ክንፉ ላይ ቀይ አበባ ሳለችበት፤ አደገች፣ መሳል ተወች፣ አዋላጅ ሆነች።

የሥራው ወሬ የመጣው ሰኞ ነው። ሩቅ ከተማ ያለ ሆስፒታል ተቀብሏታል፤ እሑድ ጠዋት በአውቶቡስ ትሄዳለች። እናትየው እየሳቀች አለቀሰች፣ አባትየው ቤቱን ላይ ታች አለው። ውሃ ሊጠጣ ወደ ማዕድ ቤት ሲያመራ እናትና ልጅ ዕቃ እያጠቡ ሲያወሩ ሰማ።

«ያንን አውሮፕላን ምን ላድርገው? ለሰው ልስጠው?» ትላለች እናት።

«ተዪው እማዬ፣ እዚያው ይቀመጥ» አለች ልጅቱ። ያለ አንዳች ክፋት፣ ሳቅ እያለችም ጨመረችበት። «አባዬ ደግ ሰው ነው። ብቻ የጀመረውን ጨርሶ አያውቅም።»

ውሃውን ሳይጠጣ ተመለሰ። ተቆጥታ ብትናገረው ይቀለው ነበር። ይህ ግን ዛሬ ሞቀ፣ ዛሬ ቀዘቀዘ እንደሚባለው የተባለ ነገር ነው፤ ክርክር የለበትም። ልጁ ይህን ቃል ከልብሷ ጋር አጣጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ልትከተው ነው። እዚያ ሄዳ ሰው «አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ቢላት የምትመልሰው ይሄንኑ ነው። ቁጭ በሉ ወንበር ላይ ወጥቶ አውሮፕላኑን አወረደና አቧራውን እፍ አለው። ከእሑድ በፊት መብረር አለበት፤ ሌላ ነገር የለም።

ሞተሯ ጤነኛ ነበረች። ካንዴላዋን ቀየረላት፣ አልኮልና የጉሎ ዘይት ደባልቆ አጠጣት። ያጣው አፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከረውን ክንፍ፣ ፕሮፔለሩን ነው። ልባሽ ዕቃ ሻጩ፣ ሰውን ሁሉ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያይ ሽማግሌ፣ አንድ ፌስታል ሙሉ ዘረገፈለት። እያንዳንዱ ላይ ሁለት ቁጥር ተጽፏል።

«የፊተኛው ርዝመቱ ነው፣ በኢንች» አለው ሻጩ። «የኋለኛው የዝንባሌው ነው። ብሎን እንጨት ውስጥ አንዴ ስታዞረው ምን ያህል ይገባል? ይሄም እንደዚያው ነው። አንድ ዙር ሲዞር አየሩን እየበሳ ያን ያህል ወደ ፊት ይሄዳል።»

«ለዚች የትኛው ነው የሚሆናት?»

«እሱን በምን አውቄ! እኔ እሸጣለሁ እንጂ አላበርም። ብቻ በጣም ትልቁን አትስጣት፣ አንቀህ ትገድላታለህ። በጣም ትንሹንም አትስጣት፣ ጮኻ ጮኻ ትቃጠልብሃለች።»

ቁጭ በሉ ከመካከለኞቹ አፍሶ ሱቁ ገባ። አውሮፕላኑን ጠረጴዛው ላይ በማሰሪያ ጠፍሮ፣ መጀመሪያ እጁ የገባውን ስምንት በስድስት የሚለውን አሰረ። ፕሮፔለሩን በጣቱ እየገፋ ሊያስነሣት ሲሞክር ሞተሯ ጣቱን አንዴ ቀመሰችው። እየነፋ፣ እያራገፈ፣ ከአውሮፕላኑ ኋላ ጎንበስ ብሎ ግራ ጉንጩን ሰጠ። የሚቆራረጥ ነፋስ ነው፤ አየሩን ከመግፋት ይልቅ የሚደበድበው ይመስላል። «ደክሟል» አለና ፈታው። ቀጥሎ ዘጠኝ በአራቱን አሰረ፤ ረዘም ያለ ነው፣ ዝንባሌው ግን ለጥ ያለ። ይሄኛው ሲነሣ ጉንጩ ተለጠጠ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ደረሰኝ ሁሉ ተነሥቶ መንገድ ወጣ። «አሁን ነፈሰ!» ብሎ ሲጮኽ ከማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ መኪናዋን አቁማ ቀና አለች። ስምንት በስድስቱን የምስማር ጣሳ ውስጥ ወረወረው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል፤ ይህን ግን ማን ይንገረው?

ረቡዕ ከሥራ በኋላ አባትና ልጅ ከጣውላ መጋዘኑ ጀርባ ወዳለው የኳስ ሜዳ ወጡ። አውሮፕላኑ እንዳሻው የሚበር አይደለም። ከአንድ ጎኑ የሚወጡ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች መሐል የቆመው ሰው እጅ ላይ ካለ እጀታ ጋር ይታሰራሉ፤ ችካል ላይ እንደታሰረ ፍየል ክብ እየሠራ ይዞራል፣ ሰውየውም አብሮ ይዞራል። እጀታውን ቀና ሲያደርጉት ይወጣል፣ ዝቅ ሲያደርጉት ይወርዳል። ታዲያ ሽቦው ምንጊዜም መወጠር አለበት። ከላላ አውሮፕላኑ እጅ የሚለውን አይሰማም፤ ሽቦውን የሚወጥረው ደግሞ የአውሮፕላኑ ፍጥነት ነው።

ልጅቱ ጭራውን ይዛ ቆይታ ለቀቀች። አውሮፕላኑ ወዲያው ከመሬት ተነሣ፣ የቁጭ በሉ ልብም አብሮ ተነሣ። ከፍ ካለ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ሞተሯ ትጮኻለች፣ አውሮፕላኑ ይንቀራፈፋል፤ ወሬው ብዙ ሥራው ትንሽ ሆነ። ነፋሱ ወደ መሐል በሚገፋው በኩል ሲደርስ ሽቦው ረገበ። ቁጭ በሉ ሽቦውን ሊወጥር ወደ ኋላ ሮጠ። ወደ ኋላ የሚሮጥ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም፤ እሱን የጠበቀው የኳስ ተጫዋቾቹ የጫማ ክምር ነበር። እሱ በቂጡ ወደቀ፣ አውሮፕላኑ በአፍንጫው።

«ቁጭ በሉ ቁጭ አለ!» ብሎ አንዱ ሲጮኽ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ልጅቱም ሳቀች፤ ሮጣ መጥታ አነሣችው፣ አቧራውን አራገፈችለት። «አይዞህ አባዬ፣ ዋናው መሞከርህ ነው» አለችው። ፊቷ ላይ ግን አንዲት የለመደች ነገር አየ፤ ድሮም አውቄው ነበር የምትል። ከሜዳው ሳቅ ሁሉ ይበልጥ የጎዳችው እሷ ናት።

ያን ዕለትና በማግስቱ እጁ ሥራ አልፈታም። አፍንጫውን በኮላ አጣበቀ። ሽቦውን አሳጠረ። ነዳጅ የምትመጥነውን መርፌ ጠመዘዘ። ጭራውን አቃና። ፕሮፔለሩንም ይበልጥ በረዘመ ቀየረው፤ ጉንጩ እንደዚያ ብሎታልና። ምሳውን በአንድ እጁ እየበላ በሌላው ይሞርዳል። ሚስቱ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያለች ከኋላው የእንጨት ፍርፋሪ ትጠርጋለች። ሐሙስ ሜዳ ሲወጡ አውሮፕላኑ ጭራሽ ግማሽ ክብ እንኳ አልሞላም።

«አባዬ» አለች ልጅቱ ስብርባሪውን እየለቀመች፣ «አምስት ነገር ባንዴ ከቀየርክ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ በምን ታውቃለህ? እኛ ምጥ ላይ ያለችን ሴት እንደዚህ ብንይዛት ጉድ ይፈላ ነበር። አንድ ነገር እናደርጋለን፤ ከዚያ ቁጭ ብለን እናያለን።»

«ቁጭ ብለን?» አለ አባትየው።

«አዎ፣ ቁጭ ብለን። አትሞትም።»

ዓርብ ሻንጣ ልትገዛ ወደ ገበያ ስትወጣ ተከተላት። ከሱቁ ከመውጣቱ በፊት ያሉትን ፕሮፔለሮች ሁሉ መንገድ ላይ እያገላበጠ ሊያያቸው ይዞ ለመሄድ የምስማር ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ስምንት በስድስቱ ወጣ፤ ከሥሩ ደግሞ የጠፋው የበር እጀታ ወጣ። «አንተ! እዚህ ነህ እንዴ?» አለውና ለመገረምም ጊዜ ሳያጠፋ ሁሉንም አንድ ላይ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ ሮጠ።

ሲመለሱ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ሚኒባስ ለቁጭ በሉ መከራ ነው፤ ቆሞ የሚሄድበት አይደለም። ልጅቱ አዲሱን ሻንጣ ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። እሱ ከጎኗ ጉልበቱን ሲያንቀጠቅጥ ቆየና፣ መኪናው አውራ ጎዳናው ላይ ወጥቶ ሲፈጥን ካቻቢቴውን አወጣ። ዘጠኝ በአራቱን ካቻቢቴው ላይ ሰክቶ በልጁ ፊት አሳልፎ በመስኮት አወጣው።

ፕሮፔለሩ አበደ። ያለ ሞተር፣ ያለ ነዳጅ፣ ነፋሱ ብቻ እያሽከረከረው ከዓይን እስኪጠፋ ዞረ።

«ኧረ ጋሼ፣ እጅዎን ያስገቡ!» ብሎ ረዳቱ ጮኸ። «ቬንቲሌተሩን ሲወርዱ ያዙሩት!»

«አንድ ጊዜ ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለና ስምንት በስድስቱን ሰካው። ይሄኛውም ዞረ፤ ግን ረጋ ብሎ ነው፣ ክንፎቹ ሊቆጠሩ ምንም አይቀራቸውም። ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ይሄ ለምን ረጋ አለ?» አለች ልጅቱ።

«ዝንባሌው ብዙ ነዋ። አንዴ ሲዞር ብዙ ይሄዳል። በዚህ ፍጥነት ለመሄድ ብዙ መዞር አያስፈልገውም…» አለና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ቀረ።

ልጅቱ ቀጠለችለት። «ያኛው ግን ከነፋሱ ጋር እኩል ለመሆን ብቻ እንደዚያ ያብዳል። ሞተሯ እሱን ስታሯሩጥ ጉልበቷ አለቀ፤ በምን ትግፋ? በዚህኛው ግን ለመግፋት ገና ጉልበት ይተርፋታል።»

«ጉንጬ ላይ እኮ ደካማ ነበር!» አለ፤ ጉንጩን በእጁ ይዞ። «በጉንጬ ነው የለካሁት!»

«ስትለካው ታስሮ ነበራ። አየሩ ባለበት ቆሞ እሱም ባለበት ሲዞር ዝንባሌው ይከብደዋል። ሲሄድ ነው የሚቀለው።» መስኮቱን ዘጋች። «ቬንቲሌተር ቤት ጥሎ አይሄድም አባዬ። ይሄ ግን ይሄዳል።»

ይህን ያለችው ስለ ፕሮፔለሩ ነው፤ ሌላ ምንም አላሰበችም። እሱ ግን ጭኗ ላይ ያለውን ሻንጣ አየና ፕሮፔለሮቹን ኪሱ ከተተ። ጉልበቱም መንቀጥቀጡን አቁሞ ነበር።

ቅዳሜ ቀለል ያለ ነፋስ ነበር። የተሰበረውን አጣበቀ፣ ሽቦውንና መርፌዋን ወደ ቀድሞ ቦታቸው መለሰ፣ ስምንት በስድስቱን አሰረ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልነካም። ላለመንካት ያየውን ስቃይ ሚስቱ ታውቃለች። ጠዋት እጁ ወደ መርፌዋ ሲሄድ ይዛው መዳፉ ላይ ሽንኩርት አስቀመጠችና «ላጥ» አለችው። የሚቀጥለውንም ሰጠችው። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ያልተላጠ ሽንኩርት አልተረፈም።

ሜዳው ላይ ሚስቱም ጥላዋን ይዛ መጣች። ተጫዋቾቹ ሲያዩት ጫማቸውን ሰብስበው ራቅ አደረጉ። የሽቦውን እጀታ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ልጁ ቀደመችው።

«እኔ ላብርረው አባዬ። አንተ አንድ ቦታ መቆም አትችልም። አንተ ያዝና ልቀቅልኝ።»

«ከተሰበረብሽስ?»

«ከተሰበረ እኔ ሰበርኩት ማለት ነው።»

አባትየው ከአውሮፕላኑ ኋላ ተንበረከከ። ሞተሯን አስነሣት፣ ጭራውን በሁለት እጁ ያዘ። ልጅቱ መሐል ሜዳ ቆማ እጀታውን ቀና አድርጋለች። ሳያስበው ፊቱ ወደ ጎን ዞረ፤ ግራ ጉንጩ ነፋሱን ተቀበለ። ያው የተቆራረጠ፣ የሚንተፋተፍ ነፋስ ነው። ሠላሳ ዓመት ያልዋሸው ጉንጭ «ደክሟል፣ አትልቀቀው» አለው። በሚኒባሱ መስኮት ያየውን ሁሉ ረሳው። ሞተሯን ላጥፋት? ያኛውን ልመልሰው? ክንፉን አንዴ ልፈትሸው፣ ነዳጁን ልጨምር፣ ሰኞ ደግሞ ተረጋግተን… ሰኞ የለችም። ሰኞ ልጁ እዚህ የለችም። እጁ ይህን ሲሰማ ጭራውን ጭራሽ አጥብቆ ያዘው።

«አባዬ፣ ልቀቅ!»

አልለቀቀም።

«ልቀቅ እንጂ!»

ጣቶቹን ከፈታቸው። አውሮፕላኑ እንደ ረቡዕ ወዲያው አልተነሣም። ሣሩ ላይ እየነጠረ፣ እየተንገታገተ፣ ረጅም መንገድ ሄደ፤ ቁጭ በሉ «አይ» ብሎ ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ የሞተሯ ድምፅ ተለወጠ። የታፈነው ሳል ጠራ፣ እየቀጠነ ወጣ፣ ጎማዎቹ ሣሩን ለቀቁ። ሽቦው ተወጥሮ ማፏጨት ጀመረ፤ ልጅቱም ወደ ኋላ ዘንበል ብላ፣ ገመድ እንደሚጎትት ሰው ተረከዟን ተክላ፣ አብራው ዞረች። አውሮፕላኑ እየፈጠነ በላዩ አለፈ፤ በልጅነቷ የሳለችው ቀይ አበባ ታየውና ጠፋ፣ ደግሞ መጣ። ኳስ የሚጫወቱት ቆሙ። ሚስቱ ጥላዋን ጣለች። ልጅቱ እየሳቀች ትጮኻለች፤ ምን እንደምትል አይሰማም። ጉንጩ ላይ ምንም ነፋስ አልነበረም።

ነዳጁ ሲያልቅ ሞተሯ ዝም አለች፣ አውሮፕላኑ በፀጥታ ወርዶ ሣሩ ላይ ተንሸራተተ። ልጅቱ ዙሩ አናቷ ላይ ወጥቶ እንደ ሰካራም እየተንገዳገደች መጣችና አባቷ ላይ ወደቀች።

«አባዬ፣ በረረ! አየኸው? በረረ እኮ!»

«በረረ።»

ትንፋሿን ሰብስባ አውሮፕላኑን አየች፤ ከዚያ እሱን። «ጨረስከው» አለችው።

ማዕድ ቤት ያለችውን መስማቱን አታውቅም፤ እሱም አልነገራትም። ዓይኑን በክንዱ ጠረገና «ይሄ የጉሎ ጭስ አይጣል ነው» አለ። በሕይወቱ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም፤ እንደዚያም ከፍቶት አያውቅም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ምን እንደሚደረግ ስላላወቀ ሽቦውን መጠቅለል ጀመረ።

እሑድ ጠዋት ልጅቱ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ የክፍሏን በር ከኋላዋ ሳበችው። አውሮፕላኑን አልጋዋ ላይ ትታዋለች። አውቶቡስ መናኸሪያው ሰው በሰው ነበር። ሻንጣዋን ራሱ ጫነ፣ አወረደ፣ ቦታ ቀይሮ እንደገና ጫነ፤ ጎማዎቹን ዞሮ አየ፤ ለሹፌሩ ያልተጠየቀ ምክር ሰጠ። ልጅቱ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ እጇን ስትዘረጋለት ግን ያዘውና ቆመ። ሞተሩ ተነሣ። ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ። እናትየው ምርቃቷን ጨርሳለች። አውቶቡሱ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ሲጀምር እሱም እጇን እንደያዘ ጎን ለጎን ተራመደ።

«አባዬ» አለችው። «ልቀቅ።»

ለቀቀ።

አውቶቡሱ መታጠፊያውን ዞሮ ከጠፋ በኋላም ከቆመበት ፍንክች አላለም። ሰው ይገፋዋል፣ ተሸካሚ ይጮኽበታል፤ እሱ ግን ቆሟል። ከተጋቡበት ቀን ጀምሮ «ተረጋጋ» ስትለው የኖረችው ሚስቱ ናት በመጨረሻ ክንዱን የጎተተችው። «ና እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ተራመድ» አለችው።

ቤት ሲገቡ በቀጥታ ወደ ልጁ ክፍል ሄደ፤ አውሮፕላኑን ሊያየው ፈልጎ ነው። በሩ ዝግ ነው። እጁን ወደ ምስማሯ ሰደደ፤ ምስማሯ ባዶዋን ናት።

«ማንኪያው የታለ?» አለ።

ሚስቱ መጥታ አየችና አፏን ያዘች። «ይዛው ሄደች» አለች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ማዕድ ቤት ገባች።

እዚያም ሆና ኮቴውን ጠበቀች። ላይ ታች ሲል፣ ወንበር ሲገፋ፣ ሳሎኑን ሲያካልል ትሰማዋለች ብላ። ምንም የለም። ቤቱ እንደዚያ ጭጭ ብሎ ስለማያውቅ ደነገጠችና ብቅ ብላ አየች። ቁጭ በሉ ከኮቱ ኪስ የበሩን እጀታ አውጥቶ፣ ብሎኖቹን ጉልበቱ ላይ ደርድሮ፣ ካቻቢቴውን ይዞ፣ ከበሩ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ ብሏል።